ሲነሳ ወደ ኋላ፣ ሲቆም ወደ ፊት

ሐረር፣ የካቲት 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ከተለያየን ጀምሮ ጤናህ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀትስ ተስማማህ ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። እናታችን ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። የላክህላትን ነጠላ ለብሳ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳበታለች፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ የላከልኝ ነው ስትል ዋለች። አሁንም አጠገቤ ተቀምጣ ምንድን ነው የምትጽፊለት ትለኛለች። ስለ ትምህርቴ ነው አልኳት። አልዋሸኋትም፤ የምጽፍልህ ስለ ትምህርቴ ነው።

ተናድጃለሁ። በችኮላ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ቢበላሽ አትፍረድብኝ። ብትፈርድብኝም ግድ የለኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸዋ በር ላይ ዓብዱላሂን አገኘሁት። አንተንና እንደሻውን ከድሬ ጠያራ ያመጣችሁ የጭነት መኪና ረዳት፣ ፍርድ ቤቱ ለምስክርነት ሲፈልገው ጅጅጋ ሄዷል ተብሎ የቀረው ልጅ ነው። እንደሻውን ከመኪና ገፍተህ ጥለሃል ከተባልክበት ክስ ነጻ መውጣትህን ሰምቶ ደስ እንዳለው ነገረኝ። ከዚያም ሳልጠይቀው ስለዚያ ቀን ያወራኝ ጀመር። ዳገቱ ላይ መኪናው ግሎ ውሃ ሊጨምሩለት ቆመው ነበር አሉ። ውሃው ተጨምሮ ሾፌሩ ማርሽ ሲያስገባ፣ እሱ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ያደረገውን ድንጋይ አንስቶ፣ መኪናው ወደ ፊት ንቅንቅ ሲል ሮጦ ሊንጠለጠል ሲል እንደሻው በፊት በኩል ወደቀ። አቦ ወላሂ ድንጋዩ ገና እጄ ላይ ነበር፣ ስደነግጥ እግሬ ላይ ጣልኩት ብሎ የጠቆረ ጥፍሩን አሳየኝ። እንግዲህ እሱ የሚያወራልኝ ስለ ጥፍሩ ነው። እኔ ግን ደብተሬን ይዤ እዚያው መንገድ መሃል ደርቄ ቀረሁ።

የረዳት ሥራ አይጠፋህም። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ድንጋዩን ያስቀምጣል፣ ሲነሳ ያነሳል። ድንጋዩ እጁ ላይ ከነበረ መኪናው እየተነሳ ነበር ማለት ነው። አንተ ግን ለእኔም፣ ለመምህሬም፣ ለዳኛውም የነገርከው ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ያዘ ብለህ ነው።

የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ልድገምልህ፤ መቼም መማር ትወዳለህ። መምህር ወልደሚካኤል ኢነርሺያ ብለው ያስተማሩን፣ የቆመ ነገር እንደቆመ፣ የሚሄድም ነገር እንደሄደ መቆየት ይፈልጋል ብለው ነው። መኪና በድንገት ሲቆም ላዩ ላይ ያለው ሰው መሄዱን ስላልተወ ወደ ፊት ይወረወራል። በድንገት ሲነሳ ደግሞ ሰውየው ገና አልተነሳምና ወደ ኋላ ይቀራል። እንደሻው ከጋቢናው አጠገብ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከኋላው ያለኸው አንተ ነህ። ሲነሳ ከወደቀ የሚወድቀው ወደ ኋላ፣ የማሽላው ጆንያ ላይ፣ እቅፍህ ውስጥ ነበር። እሱ ግን በጋቢናው ላይ አልፎ ጎማው ፊት ተገኘ። በሚነሳ መኪና ላይ የተቀመጠን ሰው ወደ ፊት የሚጥል ሕግ መጽሐፌን ባገላብጥ አላገኘሁም። እንዲህ የሚጥል የሰው እጅ ነው።

ስለ አንቺ ብዬ ነው እንዳትለኝ! እንደሻው፣ እህትህ ከወንድ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ምን ልትማር ነው እያለ ሲሳለቅብህ እንደመጣ ሰምቻለሁ። ይሳለቅ። እኔ ሰው እግሩን እንዲያጣልኝ የለመንኩት አለ? ስድቡ የእኔ ነበር፤ እኔ ችዬው እማር ነበር።

መምህሬን ለምስክርነት እንዴት አድርጌ እንዳመጣሁልህ አትርሳ። ሦስት ቀን ሙሉ እየተከተልኩ ለመንኳቸው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆም ብለው፣ መኪናው ሲነሳ ነው ሲቆም ነው፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሲቆም ነው፣ ወንድሜ አይዋሽም አልኳቸው። ገብተው የቀለም ጠርሙሱን መዝገቡ ላይ አቁመው፣ መዝገቡን ገፋ አድርገው በድንገት ሲያቆሙት ጠርሙሱ ወደ ፊት ተደፋ። ዳኛው ራሳቸው ሁለት ጊዜ ሞክረው ሳቁ። ሾፌሩን ፍሬን ይዘሃል ወይ አሉት፤ አዎን ጌታዬ ይዣለሁ አለ። ይዟላ! ሰው ጎማው ፊት ሲወድቅበት የማይዝ ማን አለ? ከመውደቁ በፊት ነው በኋላ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። አንተ ደግሞ አንገትህን ደፋህ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ምናልባት ዝም ብዬ ባደርኩ ነበር። ሽማግሌዎቹ በአንተና በእንደሻው መካከል የተቀመጡበትን ቀን ግን ከዓይኔ ላጠፋው አልቻልኩም። በሐሰት ከሰሰ ተብሎ፣ ያንን አንድ እግር የቀረውን ሰው ድንጋይ አሸክመው ይቅርታ አስጠየቁት። ሚስቱ ወይንሸት በአንድ እጇ ክራንቹን፣ በሌላው እጇ እሱን ደግፋ፣ እሱ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ ፊትህ አጎነበሰ። አንተም ድንጋዩን አወረድክለትና ይቅር ብዬሃለሁ አልከው! እንዴት አፍህ ታዘዘልህ? እናታችን በደስታ እልል አለች። እኔም አብሬ እልል ብያለሁ፤ ያንን እልልታ ከጉሮሮዬ ቆርጬ ብጥለው በወደድኩ።

ረቡዕ ዕለት ለመምህር ወልደሚካኤል ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ጠመኔውን አስቀምጠው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ዳኛው ዘንድ ሄደው በተሳሳተ ነገር ላይ ተመርኩዘው እንደመሰከሩ እንደሚያስታውቁ ነገሩኝ። ከሥራቸው ቢያዛውሯቸውም ቢያባርሯቸውም ይሄዳሉ። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። ቀኑ የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት መጥተህ በራስህ አፍ ከተናገርክ ወንድሜ ነህ፣ ስንቅህን ይዤ እስር ቤት እመላለስልሃለሁ። ካልመጣህም እኔ እናገራለሁ። ለእናታችን ማን እንደሚነግራት ግን አላውቅም፤ እሱን አንተ አስብበት።

መምህሩ ስወጣ ጠርተው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ መቼ ነው ያወቅሽው አሉኝ። ማክሰኞ አልኳቸው። ዳኛውም ይህንኑ ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። በዋስ ወጥተህ ቤት የዋልክበት እሑድ ትዝ ይልሃል? ከምሳ በኋላ ደብተሬን አንስተህ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥክ። መጀመሪያ የጠየቅኸኝ፣ መኪና ሲነሳ ሰው ወዴት ይወድቃል ብለህ ነበር። ወደ ኋላ አልኩህ። ቆይተህ ሲቆምስ አልከኝ። ወደ ፊት ብዬህ ደብተሩን ከእጅህ ወሰድኩ፤ የታጠበውን ዕቃ ላነሳሳ ገባሁ። ምነው ጠየቅኸኝ አላልኩህም፤ ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ ስትለኝም አላልኩህም።

እግዚአብሔር ልብህን ያራራው። የእናታችን ምርቃት ካለህበት ይድረስህ፤ መንገዱንም ወደ ሐረር ያቅናልህ። ለእኔም ጸልይልኝ።

የጠየቅኸኝን የመለሰችልህ፣
ታናሽ እህትህ