ጾሙ ሳይፈታ

ላሊበላ
ረቡዕ፣ መጋቢት 30 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለከፋለ፣

ሕማማት ስለሆነ ሰላም አልልህም። ደግ ጊዜ ገጠመልኝ። ሌላ ሳምንት ቢሆን ኖሮ «እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ እጀምርና ከዚያ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጋር መስማማት ይኖርበት ነበር።

በስልክ ያልነገርኩህ አፌ ስለለመደ ነው። ስልኩ ሲጠራ «ደህና» የሚለው ቃል ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። እጄ ግን ገና አልለመደም። አዝመራው ነገ ጠዋት ሚኒባሱን ይዞ ጋሸና ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ፍላቂት ለሚያልፍ ሹፌር እሰጥልሻለሁ ብሎኛል። ቅዳሜ መክሊትን ይዘህ ከመነሳትህ በፊት እጅህ መግባት አለበት። ካልደረሰ። ይደርሳል።

ሰኞ ሸዕባን ከጤና ጣቢያው ሲደውልልህ አጠገቡ ነበርኩ። አራት ሆኗል፣ ከአምስት ወርዷል፣ ልጅቱን ማምጣት ትችላለህ ሲልህ ሰማሁ። የአንተንም ድምፅ ሰማሁ። እናትህን ስትጣራ፣ መክሊትም ከወዲያ «እማ» ስትል። ማንን እንደጠራች አላወቅኩም። ለሁለት ዓመት ልጅ አምስት ወር ብዙ ነው።

ሸዕባን ስልኩን ዘግቶ እጁን ዘረጋልኝና መልሶ ሰበሰበው። «ይቅርታ ቲቸር፣ ሰሞኑን አትጨባበጡም ለካ» አለኝ። ሙስሊም ሆኖ የእኛን ያስታውሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው የዋሸሁት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። በየሁለት ሳምንቱ ማውራት ከመጀመራችን በፊት አንድ ወረቀት ያወጣል። ዘጠኝ ጥያቄ አለው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምግብ አስጠልቶሽ ነበር? እንቅልፍስ? ድካምስ? መልሱ ፈጽሞ ከሆነ ዜሮ፣ በየቀኑ ከሆነ ሦስት ይጽፋል። ድምሩን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ እያደረገ በመስመር ያያይዘዋል። ኅዳር ላይ አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ። ጥር መጨረሻ ላይ አሥራ ስድስት። በዝግታ ይወርድ ነበር፤ ያኛው እውነት ነበር። ክኒኑም ረድቶኛል፣ በቀን አንዴ እስከ ገበያው ደርሼ እንድመለስ ማዘዙም፣ እሱ ፊት ተቀምጬ ማውራቴም። ይህን ብቻ እመነኝ።

ከዚያ ጾሙ ገባ።

የካቲት አጋማሽ ላይ የምግቡን ነገር ሲጠይቀኝ «ጾም ነው እኮ» አልኩት። አስቤው አልነበረም። ሸዕባን ሳቀ። «እውነትሽን ነው። ይሄ ወረቀት በረመዳን ቢመጣብን እኛም ሁላችን በሽተኞች ነን» አለና የጻፈውን ሦስት በላጲስ አጥፍቶ ዜሮ አደረገው።

ያን ዜሮ አየሁት።

እንቅልፍሽስ ሲለኝ፣ ለኪዳን ከሌሊቱ እነሳለሁ አልኩት። ድካምሽ ሲለኝ፣ ስግደቱ ነው። የሚያስደስትሽ ነገር ሲለኝ፣ በጾም ምን ደስታ አለ። ሃይማኖቴን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ እርሳሱ ቶሎ ያልፋል። ኪዳን አንድ ቀን አልሄድኩም፤ ደወሉን የምሰማው ተኝቼ፣ ጣሪያውን እያየሁ ነው። አንዲትም ስግደት አልሰገድኩም። አሥራ ሁለት ሆነ። ዘጠኝ። ስድስት። አራት። መስመሩ ቁልቁል ሲሄድ ሳየው ጎበዝ ተማሪ የሆንኩ መሰለኝ። የሚኮርጅ ልጅ ከዓይኑ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ሸዕባን ግን አስተማሪ አይደለም።

አንተ ቁጥሩ ከአምስት ሲወርድ አመጣታለሁ ብለኸኝ ነበር። ቁጥሩን ሰጠሁህ። አልወቅስህም።

ዓርብ ቄሱ በወይራ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ስንት ስግደት እንደሚያዙኝ አላውቅም። ጾምን መሸሸጊያ ማድረግ ከየትኛው ኃጢአት እንደሚገባም አላውቅም። እሱ አይደለም የሚያስፈራኝ። የሚያስፈራኝ እሁድ ነው።

አከራያችን ይማርሽ ዶሮውን ደጃፉ ላይ አስራዋለች። በር በከፈትኩ ቁጥር ያየኛል። «ይሄን አጥንትሽን ለከፋለ አላሳየውም፤ እሁድ በግድ አጎርስሻለሁ» አለችኝ። ሳቅሁላት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳህኑ ይቀርባል። አንተ እጄን ታያለህ። እጄ አይሄድም። ያኔ ምን እላለሁ? ከዚያ ወዲያ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ አይሰገድም። ሃምሳ ቀን ሙሉ የምገባበት ጥግ የለኝም።

አንተ ደግሞ ሥራ አለህ፤ ማክሰኞ ትመለሳለህ። እኔና መክሊት እንቀራለን።

ዘጠነኛው ጥያቄ አለ። ሸዕባን እሱን ሲያነብ ከወረቀቱ ቀና አይልም። መሞት ይሻለኛል ብለሽ፣ ወይም ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ይላል። ለእሱ ጾም አላስፈለገኝም። ከኅዳር ጀምሮ «ፈጽሞ» ስል ነው የኖርኩት።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ አለቱ ጫፍ ላይ መክሊትን አዝዬ ስታገኘኝ ፀሐይ መትቶኝ አልነበረም። ፀሐይ ነው አልኩህ፤ አንተም ለሰው ሁሉ ፀሐይ ነው አልክ። ግን ከኋላዬ «ባንችይርጋ» ብለህ ስትጠራኝ ድምፅህ እንዴት ቀስ ያለ እንደነበር አስታውሳለሁ። የተኛ ሰው እንዳይነቃ የምትጠነቅቅ ይመስል ነበር። ያ ቀስታህ ነው እንደገባህ የነገረኝ። በነጋታው ልጅቱን ይዘህ ፍላቂት ሄድክ። ከዚያ ወዲህ አንስተኸው አታውቅም፤ እኔም።

ዛሬ ተማሪዎቹን ከሸኘሁ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዘጠኙን ጥያቄ በቃሌ ጻፍኳቸው። ጾም የምትለዋን ቃል ሳልነካ መለስኳቸው። ሁለት ጊዜ ደመርኩ። ሃያ አንድ። ዘጠነኛው ላይ «አንዳንድ ቀን» የሚለውን መርጫለሁ። ትናንት አንዱ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ሸዕባን በመስኮት አይቶኝ በደስታ እጁን አውለበለበልኝ። ተመለስኩ። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌዋለሁ። አንብበህ እንደጨረስክ ደውልለት፤ ቁጥሩን አንተ ንገረው። ዛሬ ይማርሽን ካንቺ ዘንድ ልደር ብያታለሁ። ለምን አላለችኝም፤ ፍራሽ አነጠፈችልኝ።

ልጽፍልህ የተቀመጥኩት መክሊትን አታምጣት ልልህ ነበር። አልቻልኩም። አምጣት። ግን እናትህን እማማ ገለቴንም ይዘሃቸው ና። ምክንያቱን እንደፈለግክ ንገራቸው። ስንተኛ መክሊት በአንተና በእሳቸው መሀል ትተኛ። ማክሰኞ አትሂድ። ለአፍታ እንኳ ከግቢ ብትወጣ ከእኔ ጋር ብቻዋን አትተዋት።

ደብዳቤው ሳይደርስህ ከመጣችሁ እስቃለሁ። ሳቄን አትመን። ግን ካልደረሰህ ይህንንም አታነበውም።

ሰላምታውንም ምርቃቱንም ለእሁድ አስቀምጬዋለሁ፤ ራሴ ልላችሁ። መክሊትን ሳምልኝ አልልህም። ሕማማት ነው። ጾሙ ሲፈታ እኔው እስማታለሁ፣ አንተ አጠገቤ ቆመህ።

ባንችይርጋ