በአፍ የተያዘ ውሃ

ግንቦት 28

እህቴ ቴምዋ ዛሬም ዓሣ ልትገዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። እንደ ደንቡ የሐይቁ ድንበር ከሆነው የሙዝ ተክል ዘንድ ስትደርስ አፏን በውሃ ሞላች። ጉንጮቿ ተነፍተው፣ ከዓሣ ሻጮቹ ጋር በጣቷ ስትከራከር አየኋት። ስትመለስ ሙዙ ሥር ውሃውን ተፋችና ሳቀች።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ጸሐፊት! ዛሬም ነፋስ አልጠራሁም።»

«ዓሣው ይህ ብቻ ነው?»

«አፌን ዘግተሽ በምን ልከራከር?»

ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። አንዱ ነፋስ ጠሪ ተቆጥቶ ስድስት ሰዎች ካሰጠመ ወዲህ፣ ፉጨታቸው ነፋስ የሚያዝዝ ሁሉ ምላሳቸው ይተኮስ ነበር። በዚያ ፈንታ ሐይቁ ዳር እንዳያፏጩ አፋቸውን በውሃ ይሙሉ፣ ውሃ ማንንም አያቃጥልም ብዬ ሽማግሌዎቹን አሳመንሁ። እንዴት ኮርቼ ነበር!

ሰኔ 2

እናቴ፦ «እህትሽን እንደ ፍየል አሰርሻት።»

«ከእሳት አወጣኋት እንጂ!»

«እሷን ጠይቀሻታል?»

ረቂቁን አንብቤላት ነበር። ተኝታ ነበር... ወይስ የተኛች መስላ?

ሰኔ 9

ነፋስ የለም። ጽሕፈት ቤት ዋልሁ።

ሰኔ 11

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ምዌራ፣ ያ የደቡቡ ነፋስ፣ ድንገት ተነሣ። አምስት ታንኳዎች ሐይቁ ላይ ነበሩ። ቴምዋ ዳር ቆማለች፤ አፏ ሞልቷል። ባሏ ከታንኳዎቹ በአንዱ ላይ ያለው ጎረቤታችን ኛባንዳ ክንዷን ያዘቻት።

«አፏጪበት እንጂ! መልሺው!»

ቴምዋ ወደ እኔ ዞረች። በጣቷ አፏን አሳየችኝ፤ ቀጥላ ሐይቁን።

አንቀጽ ሰባት፦ «ነፋስ ጠሪ በአደጋ ጊዜ ፈቃድ ስትሻ፣ ራሷ በቃሏ ትጠይቅ።» ሌላ ሰው በስሟ እንዳያዝዝ ብዬ ነበር የጻፍሁት። አፏ ውስጥ ግን ውሃ አለ... ሳትተፋ እንዴት ትጠይቅ? ያለ ፈቃድ ብትተፋ ደግሞ ቅጣቱ ያው የጥንቱ ነው፤ የጋለ ብረት።

«ቆዪ፣ እንዳትተፊ! ሹሙን ልጥራ!»

ሮጥሁ። ሹሙን ይዤ ስመለስ ነፋሱ አልፏል፤ ሦስት ታንኳዎች ብቻ ይታያሉ። ቴምዋ ትቻት በሄድሁበት ቆማለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ውሃው ግን ከአፏ ጠብ አላለም።

ሰኔ 14

ሸንጎ ተቀመጠ።

«ባሌ ሲሰጥም ቆማ አየችው!» አለች ኛባንዳ።

ተነሣሁ። «ያስቆምኋት እኔ ነኝ።»

ሹሙ ቺራምቦ በለሰለሰ ድምፅ፦ «ልጄ፣ አንቺ ደንብ ጠበቅሽ። እሷ ግን ፈቃድ አልጠየቀችም። አንቀጽ ሰባት ግልጽ ነው።»

የገዛ ዓረፍተ ነገሬን አነበበልኝ። አንድ ቃል አይጎድለውም፣ አንድ ቃል አይተርፈውም።

ፍርዱ፦ ከኮረብታው ማዶ፣ ሐይቅ ወደማይታይበት አገር፤ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ።

ሰኔ 17

ከመሄዷ በፊት ሐይቁን እንድታይ ተፈቀደላት። አፏን ሞልታ ወረደች፤ ብዙ አልቆየችም። ስንመለስ ከጎኗ ሄድሁ። ንሲማ፣ ያንን የበቆሎ ገንፎ፣ ከደረቅ ዓሣ ጋር በሙዝ ቅጠል ቋጥሬ ሰጠኋት፤ ተቀበለች።

«ረቂቁን ሳነብልሽ ነቅተሽ ነበር?» አልኋት።

የድንበሩ ሙዝ ዘንድ ደረስን። እዚያ መትፋት ይፈቀዳል፤ አንቀጽ አራት። ቆሜ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝም፣ ብትረግመኝም...

አልተፋችም። ጉንጮቿ እንደተነፉ፣ ዳገቱን ይዛ ወጣች።