ጭስ ያጣ ቤት

የአስናቀ አባት፣

ከተለዩን ክረምቱ ሙሉውን ዘንቦ ወጣ። እኛ በሕይወት አለን። ልጅዎ አስናቀ ዱር ከገባ ወዲህ አልተመለሰም፤ ጣልያንም ከደብረ ማርቆስ አልተነቃነቀም። ይህን የምጽፍልዎ ግን ስለ ቤቱ ነው።

አምና ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ለሰርግ ሲደግስ፣ አይሮፕላን ጭሱን አይቶ የደበደበው ዕለት፣ እርስዎ ከደጅ ገብተው ምድጃውን በውኃ አጠፉት። አስናቀ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ቤት ቀን እሳት እንዳይነድ ብለው አስማሉኝ። የማታው ብርሃን እንዳይታይም የጓዳውን መስኮት በጭቃ መረጉት። እንደ ሥራዎ ሁሉ ጥንቅቅ ያለ ነበር፤ ነፋስ እንኳ አያስገባም። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። ማታ ለእራት ያህል እናነድዳለን፤ ምግቡ እንደበሰለ አመድ እናለብሰዋለን።

የሣር ቤት ግን የሚኖረው በጭስ ነው። ብራና ሲጽፉ ጭሱ ዓይንዎን እያስለቀሰ፣ “አንቺ ሴት፣ እንደ ቋንጣ ልታደርቂኝ ነው?” ይሉኝ የነበረው ትዝ ይለኛል። ያ ጭስ ክዳኑን በጥቀርሻ አጥቁሮ ውኃ እንዳያሳልፍ ያደርገው ነበር። አሁን ሣሩ በስብሶ ቡናማ ውኃ ያንጠባጥብብናል።

አምና ክረምት ግድግዳው ሲያልበው አይተዋል። በኋላ ይተኙበት በነበረው መደብ ራስጌ፣ አመድ የመሰለ ነገር ታየ። በጨርቅ ጠረግሁት፤ አረንጓዴ ሆኖ ተመለሰ። በፈላ ውኃና በአመድ አሸሁት፤ ጥቁር ሆኖ ሰፋ። አጎዛው ሻገተ፤ ጋቢው ሻገተ። አባቴ ዲማ ሳለን በአለንጋ ያስጠናኝ ዳዊት እንኳ ሽፋኑ ጠጉር አበቀለ። እኔ ባልተጠረገ ቤት አድሬ እንደማላውቅ እርስዎ ምስክሬ ነዎት። ይህ ግን በመጥረጊያ የሚለቅ አይደለም። ዝናብ እንደገባው መቃብር ይሸታል።

ከእኛ የወሰደዎትን ያን ሳል ብርድ ነው ይሉኝ ነበር። አሁን ያንኑ ሳል የአስናቀ ልጅ ስንዱ ጀመረችው። መጀመሪያ ደረቅ ነው፤ ከዚያ ደረቷ ውስጥ ፉጨት ይሰማል፤ ትንፋሿ ሲያጥር ከንፈሯ ይጠቁራል። ደጅ ፀሐይ ላይ ሳወጣት ይሻላታል፤ ቤት ስትገባ ይመለስባታል። ደጋግሜ አይቼ አረጋግጫለሁ።

ትናንት ምራትዎ አገሬ ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ “እመይቴ፣ እርስዎ ቃልዎን ይጠብቁ፤ እኔ ልጄን እቀብራለሁ” አለችኝ። ቀና ብላ ተናግራኝ የማታውቅ ሴት ናት። አልተቆጣኋትም። ዛሬ ጠዋት የመረጉትን መስኮት በመጥረቢያ አፈረስሁት።

ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ጠርቷል። አይሮፕላኑም ይህንኑ ሲጠብቅ ከርሟል፤ ትናንት ከደብረ ወርቅ በኩል መጥቶ፣ የሣሩን ክዳን እስኪያርገበግበው ድረስ ዝቅ ብሎ ዞረ።

ቤቱ እንዲደርቅ ነገ ከንጋት ጀምሮ እሳቱ ይነዳል፤ ሌሊቱን እንዳላነድደው ስንዱ በጭስ መሀል ማደር አትችልም። አገሬና ስንዱ ቀን ቀን ገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ፤ ዋሻው ሌሊት ስለሚበርድ ማታ ማታ ወደ ቤት ይመለሳሉ። እኔ ከምድጃው አጠገብ እቀራለሁ። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ካልተቀመጡለት አይነድም። በሣር ቤት ውስጥ እሳት ትቶ መሄድም የማይሆን ነው። አገሬ እኔ ልቅር ብላ ለምናኝ ነበር፤ ለስንዱ የምታስፈልጋት እናቷ ናት ብዬ ከለከልኋት።

ቃልዎን አፈረስሁ ብለው አይቀየሙኝ። ጭሱ ከክዳኑ አናት ሲወጣ ምን ያህል ርቆ እንደሚታይ አውቃለሁ። ቤቱ እስኪደርቅ ከቆየሁ የሙት ዓመትዎን እንደ ሥርዓቱ አወጣለሁ፤ ስምዎንም ከጸሎቴ አላወጣም። ቀድሜ ወደ እርስዎ ከመጣሁ ደግሞ፣ የስንዱ ትንፋሽ እንዴት እንደሆነ የምነግርዎ እኔው እሆናለሁ።

ባለቤትዎ