ሞስኮ ስንት አዳር ይፈጃል

መጋቢት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ላሊበላ

እናቴ ዛሬም ያንኑ ጠየቀችኝ። መንግሥት ለትምህርት የላከው ወንድሜ ያለበት ሞስኮ ስንት አዳር ይፈጃል? ከአዲስ አበባ ጠዋት የተነሳ አውሮፕላን ማታ እዚያ ይገባል፣ መንገድ ላይ ማደር የለም አልኳት።

አላመነችም። "ወልዲያ ለመድረስ እንኳ በበቅሎ ሁለት ሌሊት እናድር የለም ወይ?"

በኪሎ ሜትር ነገርኳት፣ በሰዓት ነገርኳት፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። በመጨረሻ ንድድ አለኝና "እንግዲያው ከወልዲያ ይቀርባል፣ በቃ" አልኳት።

የምትለቅመውን ምስር ትታ ቀና ብላ አየችኝ።

"እንዲህ ቅርብ ከሆነ፣ አባቱ ሲሞት ለምን አልመጣም?"

ፈቃድ ከልክለውት ነው ብላት መች ይገባታል። ምነው መጀመሪያውኑ ሩቅ ነው ብዬ ዝም ባልኩ።