የካልፓት ድምፅ

ሰኞ፣ ሜይ 4

ዝናብ። ልብሱ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ሆኖ አልደረቀም።

የመራጮች መዝገብ ከዋና ከተማው ከቪላ መጣ። ለመንደራችን ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም። ማስተር ቶሳ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ሆኗል፣ እኔ ስም ጠሪ። መራጩ ሲገባ ስሙን ከመዝገብ ፈልጌ ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቶ «አዎ፣ እሱ ነው» ወይም «አይ፣ አይደለም» እንዲል። አንደኛ ክፍል ሳስተምር በየጠዋቱ የማደርገው ነው።

«የአማቶችሽንስ?» አለኝ ቶሳ።

ረስቼው... የባሌን ቤተሰብ ስም እኔ መጥራት ነውር ነው፣ የሚፈቀደው የሱ የራሱ ብቻ ነው።

«እነሱ ሲመጡ አንተ ጥራልኝ።»

«የውጭ ታዛቢዎች ይመጣሉ እኮ። ስም ዘለለች ብለው ይጽፉብሻል።»

«ይጻፉ።»

ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 5

መዝገቡን ከመንደሩ ሰው ጋር ሳመሳክር ዋልኩ። ማን አለ፣ ማን ወደ ሌላ ደሴት አገባ፣ ማን ሞተ። የሞቱት ላይ ምልክት ይደረጋል። ስድስት አገኘሁ።

ቁጥር 87፣ ካልፓት። ባሌ። አየሁት... ገጹን ገለበጥኩ። ምልክት አላደረግሁም። ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሲነቀል እንደሚደነዝዝ ድድ ነው። ብትነክሺውም አታውቂም።

ማርች ላይ በሞተር ጀልባ ወደ ጎረቤት ደሴት ወጣ። አልደረሰም። አምስት ቀን ፈለጉት። ባዶ ጄሪካን ተገኘ። አማቴ ግን «ቪላ ነው ያለው፣ ሥራ ይዞ ነው» ይላሉ። እናት እንዲህ እያሉ ማን ደፍሮ ያለቅሳል? የለቅሶ ምንጣፍ አልተነጠፈም። የሐዘኑ መቶ ቀን አልተጀመረም። ከየት ተነስቶ ይቆጠር? ያገባሁም አይደለሁ፣ የፈታሁም፣ የሞተብኝም።

ሐሙስ፣ ሜይ 7

ታዊ መጣ። ታዊ በኛ ቋንቋ ዋርሳ ማለት ነው፣ የካልፓት ታናሽ ወንድም። የራሱን ስም እዚህም አልጽፈውም፣ እጄ አይታዘዝልኝም። ሰሞኑን የአምፖሉ ሰው ቀስቃሽ ሆኗል። ምልክቱ አምፖል የሆነው ዕጩ... ለየቤቱ የፀሐይ መብራት እሰጣለሁ የሚለው።

ወረቀት ይዞ እናቱ አጠገብ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ ካልፓት ቪላ ነው አይደል የምትይው?»

«ነው።»

«እንግዲያው ድምፁ ለምን ይቅር? ውክልና ነው ይሄ። በሱ ፈንታ እኔ እመርጥለታለሁ። አንቺ ምስክር ነሽ፣ እዚህ ጋ አሻራ አድርጊ።»

«ምን ይላል?»

«ስም፣ ካልፓት። ያለበት ቦታ፣ ቪላ።»

«እስቲ ድገመው።»

«ያለበት ቦታ፣ ቪላ።»

አማቴ ማንበብ አይችሉም። ጣታቸው ያችን መስመር ሁለት ጊዜ ሄደባት። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው «አየሽ፣ ተጽፏል» አሉኝ።

የካልፓት ፊርማም አለበት። እሱ ሲፈርም ይቸኩላል፣ መጨረሻውን አይጨርሰውም። ይሄኛው ተጨርሷል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሆድ ይፍጀው።

ቅዳሜ፣ ሜይ 9

የቦዬ ሥር ስንቆፍር ዋልን። ወገቤ።

ሰኞ፣ ሜይ 11

ታዛቢዎቹ ገቡ። ሁለት ናቸው። ብሮንዊን የምትባል ከኒውዚላንድ፣ ቱኢላጊ የሚባል ግዙፍ ሰውዬ ከሳሞአ። ማዕበሉ አጥቧቸዋል። የእሷ ቅጾች በላስቲክ ተጠቅልለው ደርቀው ደረሱ፣ እሷ ግን እስከ አንገቷ በስብሳለች። ላፕላፕ፣ በኮኮናት ወተት የተጋገረ ጎደሬ፣ አቀረብንላቸው። ቱኢላጊ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ «ጎደሬው ከኛ አገር ይበልጣል» አለ። «የኮኮናቱ ወተት ግን የኛ» ሲል ሴቶቹ ተንጫጩበት።

እንግሊዝኛ ስለምችል አስተርጓሚም እኔው ሆንኩ። ብሮንዊን ደግ ናት። ጥያቄ ታበዛለች። ምሳ ላይ እንደዘበት «ባለቤትሽም መምህር ነው?» አለችኝ።

«ዓሣ አጥማጅ ነው።»

ነው አልኩ።

«እዚሁ ነው ያለው?»

ቅንድቤን አነሳሁ። እኛ ዘንድ አዎ ማለት ነው። እሷ አልገባትም፣ መልሱን ስትጠብቅ ቆየችና ወደ ሳህኗ አቀረቀረች። ቱኢላጊ ግን ገባው፣ እነሱም እንደኛ ናቸው። «ነገ ታስተዋውቂናለሽ» አለ።

ቅንድብም ይዋሻል ለካ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 12

ድምፅ የተሰጠበት ቀን። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አንድ ሰዓት ላይ ጀመርን። ሰልፉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሷል። የአምስቱ ዕጩዎች ፎቶ እያንዳንዱ በየራሱ ወረቀት ላይ ነው። ከመጋረጃው ኋላ አንዱን ፖስታ ውስጥ ትከቺያለሽ፣ አራቱን መጣያ ሣጥን ውስጥ ትጥያለሽ። ረፋዱ ላይ የተጣሉት ፊቶች ሣጥኑን ሞልተው ነበር። ሽማግሌው ማታኢ ቀለም ሊቀቡ ግራ እጃቸውን ዘረጉ፣ የሚቀባው አውራ ጣት የለም።

«ኮኮናት ስሰነጥቅ ጣቴ ገጀራውን መረጠ» አሉ። «እሱ ይቀባ።»

ሰልፉ ሳቀ። ብሮንዊን ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ጻፈች። በየትኛው ጣት ይቀቡ የሚለውን ከቅጹ ስትፈልግ ቶሳ ሌባ ጣታቸውን ቀብቶ ሰደዳቸው።

ከምሳ በፊት ታዊ መጣ። ቶሳ ስሙን ጠራው። መረጠ፣ ተቀባ። አልወጣም። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። አማቴ ከኋላው ቆመዋል፣ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው።

ቶሳ አነበበው። አየኝ። ደንቡ ደንብ ነው፣ የወካዩም ስም ይጠራል። ሰማንያ ሰባት። ጠሪዋ እኔ ነኝ።

«ካልፓት» ብዬ ጠራሁ።

ከማርች ወዲህ በአፌ ወጥቶ አያውቅም። ከሰልፉ አዎም የለም፣ አይም የለም።

ብሮንዊን ጠጋ አለች። «ይሄ ሰው የት ነው ያለው? እናቱን ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኳቸው። «ቪላ» አሉ አማቴ፣ እሷን ሳይሆን እኔን እያዩ።

መተርጎም ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንዲት ቃል፣ ያውም በሁለቱም ቋንቋ አንድ የሆነች። አፌን ከፈትኩ።

«ሞቷል» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ባሌ ነው።»

በሰው ቋንቋ ስለሆነ ይሆን? እንዲሁ ወጣ። ዝናብ ነው እንደማለት። ብሮንዊን እስክሪብቶዋን አወረደች። ታዊ እንግሊዝኛ ይሰማል፣ ፊቱ ተለዋወጠ። አማቴ አይሰሙም። «ምን አለቻት?» አሉ።

ቶሳ ነው ያኔ የተናገረው። ቀስ ብሎ። «ሌይናሱ፣ በኛ ቋንቋ በይው። ሕዝቡ ይስማ። አለበለዚያ መቀበል አለብኝ።»

ባልለውስ? ታዊ ፖስታውን ይከታል፣ ካልፓት ቪላ ይኖራል፣ እኔም እንዲሁ ድድ እንደሆንኩ እኖራለሁ። ሣጥኑን አየሁት። የተጣሉት ፊቶች።

«ካልፓት ሞቷል» አልኩ በኛ ቋንቋ።

አማቴ አልጮሁም። ቀሚሳቸውን ከወገባቸው ላይ አስተካክለው ወጡ። ሰልፉ መንገድ ለቀቀላቸው።

የተቃውሞ ቅጽ ተሰጠኝ። የሟች ስም። የተቃዋሚ ዝምድና። የሞተበት ቀን... ማን ያውቃል? አለማወቅ የሚባል ሣጥን የለውም። አንድ ቀን ጻፍኩ። ቶሳ ፈረመ፣ ታዛቢዎቹም ፈረሙ። ቱኢላጊ ትከሻዬን ሊነካ እጁን አንስቶ መለሰው።

ወደ ቦታዬ ተመልሼ ቁጥር 88ን ጠራሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 13

ታዛቢዎቹ ሄዱ። ብሮንዊን ስትሰናበተኝ «ያደረግሽው ትልቅ ነገር ነው» አለች። ምኑ? ቱኢላጊ ምንም አላለም። ተሻለኝ።

ታዊ ጀልባው ዳር ጠበቀኝ።

«አንድ ድምፅ ነበር» አለ። «ለአንድ ድምፅ ብለሽ ወንድሜን ገደልሽው።»

«አንተስ ለአንድ ድምፅ ብለህ አይደል ያስነሳኸው?»

ለታዊ እንዲህ አይባልም። ብያለሁ።

ዓርብ፣ ሜይ 15

ሬዲዮ። የአምፖሉ ሰው በመቶ ስድሳ ድምፅ ልዩነት አሸነፈ። አንዱ ቢጨመርም ባይጨመርም... ያው።

የታዛቢዎቹም መግለጫ ተነበበ። «ጥቃቅን ጉድለቶች ቢታዩም ምርጫው ሰላማዊና ግልጽ ነበር።» ጥቃቅን ጉድለት ከተባሉት አንዱ ካልፓት ነው ማለት ነው። ሬዲዮውን ዘጋሁና ድስት አጠብኩ።

እሑድ፣ ሜይ 17

ቤተ ክርስቲያን ከአጠገቤ ሰው አልተቀመጠም። ጎረቤቴ ሌይማንጋ ብቻ አንድ ቦታ ትታ ተቀመጠች። አማቴ አልመጡም። ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ አላናገሩኝም። አንድ ጓሮ፣ አንድ ውኃ መቅጃ... ጥላዬን ሲያዩ መንገድ ይለውጣሉ። ይናፍቁኛል። አላውቅም ነበር እንዲህ እንደሚናፍቁኝ።

ረቡዕ፣ ሜይ 20

ዛሬ ጠዋት ማድቤት ገብተው ቁጭ አሉ። ጎደሬ እየላጥኩ ነበር። ቢላዋዬን ተቀብለው ልጣጩን አዩት። «ታወፍሪዋለሽ» አሉ። ብዙ ላጡ።

«ያን ወረቀት ስትሞዪ ቀን ጽፈሻል አሉ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ማን ነገረሽ ቀኑን?»

«ማንም።»

«ስንተኛውን ቀን ጻፍሽ?»

«ማርች አሥራ ስምንት። የወጣበትን ረቡዕ።»

ቢላዋው ቆመ። እንደሚጮሁብኝ ጠበቅኩ። አምስት ቀን ተፈልጓል፣ ከአምስቱ አንዱን መጻፍ እችል ነበር። አሥረኛውንም። ለምን የመጀመሪያውን? ብለው ቢጠይቁኝ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር።

አልጠየቁኝም።

«ውኃው ላይ ብዙ እንዲቆይ አልፈለግሽም» አሉ።

«አልፈለግሁም።»

በልጣጩ ቆጠርን። እሳቸው አሥር አሥሩን ይከምራሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ። ከማርች አሥራ ስምንት እስከ ዛሬ ስልሳ ሦስት ቀን ሄዷል። ሁለት ጊዜ ቆጠርነው። ጁን ሃያ ስድስት መቶው ይሞላል፣ ዓርብ ቀን። አማቴ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙና ወደ ታዊ ቤት ተጣሩ። ምንጣፍ ያምጣ፣ አሳማውንም ይሰር አሉት። «ለማን?» ሲል ሰማሁት። «ለወንድምህ» አሉት።

ተመልሰው መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«በይ እንግዲህ አልቅሺ» አሉኝ።

ሞከርኩ። ልጣጩን እያየሁ ሞከርኩ። ፊቱን አሰብኩ፣ ጀልባውን አሰብኩ። አልመጣ አለኝ። አፍሬ «እማማ፣ እምቢ አለኝ» አልኳቸው።

«ግድ የለም» አሉ። «ገና ሠላሳ ሰባት ቀን አለሽ።»