አራት ሳምንት እንዳይረገጥ

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ትበያለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ይህን የምጽፈው ብቻዬን ነው፤ ፊደሉ ቢጣመም አትሳቂብኝ። ባልሽ ዱዌን ደብዳቤሽን ከፍቶ እንደሚያነብ ነግረሽኝ ስለነበር፣ የላክሁት በምትሠሪበት ዳቦ ቤት ነው።

ሣሩ በቅሏል። አባትሽ የተሰበሩ መኪኖቹን ሲደረድርበት የኖረው ያ ዘይት የጠጣ ደጃችን አረንጓዴ ሆኗል። እሱ ከሞተ በኋላ መኪኖቹን አስነሣሁ፣ የደነደነውን መሬት ቆፈርኩ፣ አዲስ አፈር ደለደልኩበት። ሙቀቱ በረድ ሲል ዘሩን በተንኩና በስሱ ጭድ አለበስኩት። ጠዋትና ማታ እንደ ካፊያ አጠጣው ነበር። ጎረቤቴ ቬርላ አጥሩን ተደግፋ፣ «ሰውየውን ቀብረሽ ሣር ልታገቢ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ይሄኛው ቢያንስ አይጮህብኝም» አልኳት።

በዘሩ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ራሴ አነበብኩት። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ ማንንም ሳልጠይቅ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። አራት ሳምንት እንዳይረገጥ ይላል። ዕድሜዬን በሙሉ አባትሽ የሚያነብልኝን ብቻ አምኜ ለኖርኩት ለእኔ ያ ቃል ሕግ ሆነብኝ። ካስማ ተክዬ ገመድ ወጠርኩ፤ እኔ ራሴ በጓሮ በር እወጣ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሻንጣ ይዘሽ ከገመዱ ወዲያ ቆምሽ። ሰማዩ ጠቁሮ ያካፋል፤ አንቺ ጥቁር መነጽር አድርገሻል። «እማ፣ ልግባ?» አልሽኝ። «እንዳትረግጪው፣ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነው። በጓሮ ዙሪ» አልኩሽ። ያነሣሽውን እግር መለስሽው።

የጓሮው በር ሲነቀነቅ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ መኪናሽ ተነሣ።

ቬርላ ለምን እንዳልከፈትኩልሽ ስትጠይቀኝ አልሰማሁም አልኳት። ከረጢቱንም አሳየኋት፤ ጥፋቱ የጽሑፉ እንዲመስል።

ባለፈው ሳምንት የሣር ማጨጃውን ስለት ከፍ አድርጌ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨድኩት። ቬርላ አጨበጨበችልኝ። እኔ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ልጄ፣ በሩን ስትነቀንቂው ቁልፉ በእጄ ነበር። እኔም በሃያ ዓመቴ በዝናብ ቀን መነጽር አድርጌ እናቴ ደጅ ቆሜ ነበር። ወደ አባትሽ መለሰችኝ። ተመለስኩ፤ አርባ ሁለት ዓመት። ለአንቺ ብከፍት፣ ለእኔም መከፈት ነበረበት ማለት ሊሆን ነው። ይህን ለራሴ መንገር አልቻልኩም። አንቺን ከመለስኩ በኋላ ነው የቻልኩት።

የድሮ ክፍልሽን አንጥፌዋለሁ። የጓሮውን በር ከፍቼ ቁልፉን ጥዬዋለሁ። ቀን አትምረጪ፣ አትደውዪ፤ ዝም ብለሽ ነይ።

እግዚአብሔር ከክፉ እጅ ይሰውርሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ። ዓይንሽን ይማርልኝ።

እናትሽ