ከለቅሶው ምሰሶ ላይ የተወጠረው መረብ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤፊዬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የአርባ ምንጭ ሙቀት፣ የካፌው ሽሮ፣ ያ የሚያስጨንቅሽ ሒሳብ እንዴት አድርገውሻል? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ትንሽ አብጧል። ለምን እንዳበጠ ሰሚራ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ሳትለቀው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ አንቺ ዝም ስትዪ ቃል ይጠፋኛል።

እሑድ መረብ ኳስ ተጫወትኩ። ቢጫውን ማሊያ ለብሼ።

ልምምድ መጀመሬን ስትሰሚ ባለፈው የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «እማ፣ አባዬን በዚህ ፍጥነት ረሳሽው?» ነው ያልሽው። ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ ለየትኛው ወጥ እንደሆነ ሳላውቅ አንድ ሳህን ሙሉ ሽንኩርት ከተፍኩ። ሙት ዓመቱ ካለፈ ወራት ቢሆነውም ከሌን እንዳላወለቅኩ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ግቢውም ያውቃል። ልምምዱን እንኳ ከጥቁር ቀሚሴ ሥር ቱታ ለብሼ ነበር የምሠራው። ሰሚራ «ቁራ መስለሽ ስትዘዪ ኳሱም ይደነግጣል» ትለኛለች። ያው ታውቂያታለሽ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሰው አቤቱታ ስትጽፍ ትውልና ማታ የራሷን እኔ ላይ ታራግፈዋለች።

ነገሩ የተጀመረው የግቢው ሴቶች ጠዋት ጠዋት እንንቀሳቀስ ብለን ነው። ስኳር ያለባትም፣ ግፊት ያለባትም፣ ወሬ ያለባትም ወጣች። ከዚያ ሰሚራ ኳስ ይዛ ከተፍ አለች። እኔና እሷ ለትምህርት ቤታችን መረብ ኳስ ስንጫወት አንቺ በሐሳብም አልነበርሽም። መረብ ተገኘ፤ መወጠሪያ ግን ጠፋ። በመጨረሻ የዕድሩ ድንኳን ምሰሶዎች ትዝ አሉን።

ዕቃ ቤቱን የሚይዙት አቶ ተክለጻድቅ ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ እንደጨበጡ «ይኼ ለለቅሶ የተገዛ ነው» አሉ።

«እኛ ካልተንቀሳቀስን እኮ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያስፈልግዎ» አለች ሰሚራ።

ጥቂት አሰቡና ሰጡን። ለቅሶ ከመጣ ግን ጨዋታ መሀልም ቢሆን ይነቀላል፤ ቃል አስገብተውናል።

ኤፊዬ፣ በቀኝ በኩል የቆመውን ምሰሶ ገና ሲተከል ዐወቅሁት። ወገቡ ጎድጎድ ያለ፣ በቀይ ሽቦ የተጠመጠመ። በአባትሽ ለቅሶ ሰሞን አንቺ ጭኔ ላይ ተኝተሽ እኔ የተደገፍኩት እሱን ነበር። ሽቦው በነጠላዬ በኩል ይወጋኝ ነበር፤ እኔም እንዲወጋኝ ፈልጌ መሰለኝ አልተነሳሁለትም። ለማንም አልተናገርኩም። በልምምድ ግን ከግራ በኩል ንቅንቅ አልልም አልኩ።

እሑድ የአብነት ሰፈር እናቶች መጡ፣ ቁመታቸው ከመረቡ በላይ። ዳኛው «ያለ ማሊያ አትገቢም» አለኝ። ቢጫውን ለበስኩ፤ ከሌን አጥፌ የት እንደማኖረው ስፈልግ እግሬ ወደዚያ ምሰሶ ወሰደኝ። ቀዩ ሽቦ ላይ አንጠለጠልኩት።

መረብ ኳስ ደግሞ ዙር አለው፣ ሁሉም በየተራ ቦታ ይቀያየራል፤ በልምምድ የሸሸሽውን ቦታ በጨዋታ አታመልጪውም። ሳላስበው ምሰሶው ሥር ቆሜ ተገኘሁ። ሰሚራ ኳሱን አነሳችልኝ። በረንዳው ሁሉ «የኤፊ እናት! የኤፊ እናት!» አለ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዞር ብዬ አንቺን ፈለግኩ። ስምሽ ሲጠራ የወደቅሽ እየመሰለኝ ስንት ዓመት ዞሬያለሁ፣ አንገቴ ለምዶታል። ኳሱ አጠገቤ ጠብ አለ፤ ነጥቡ ለአብነት።

ሰሚራ ወገቧን ይዛ አየችኝ። «ኤፊ አርባ ምንጭ ናት» አለች። «አንቺ የት ነሽ?»

ቀጥሎ ኳሱ ሲመጣ የኤፊ እናት አላለችኝም። «መቅዲ!» አለች፣ በዚያ በትምህርት ቤት ድምፅዋ።

ዘለልኩ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ። የወረድኩ አይመስለኝም። ባቡሩ በድልድዩ ላይ ያልፍ ነበር፣ ግን ድምፅ አልነበረውም። የተሰጣው ልብስ ሁሉ ነፋስ ሞልቶት ቆሟል። የልደታ ጉልላት ከክንዴ በታች ያለ መሰለኝ። ጉልበት የለኝም፣ ዕድሜ የለኝም፣ ኳሱ ብቻ እንደ ብርቱካን ቀስ እያለ ይመጣልኛል። ከመስመሩ ውጪ አንድ ሰው ልብሴን ይዞ ቆሟል።

አባትሽ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ተስፋሚካኤል ያኔ ስለ ኳስ አንዳች አያውቅም፤ ሹራቤን ክንዱ ላይ አድርጎ ከመስመሩ ውጪ ይቆማል፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም «በርዶሻል፣ ልበሺ» ይለኛል።

መታሁት። መሬት ነካ። ጉልበቴም ያኔ ነው ያበጠው። ከዚያ በኋላ አብነቶች ቀጠቀጡን፤ ስለሱ ሰሚራን አትጠይቂያት።

ሲያልቅ አቶ ተክለጻድቅ ምሰሶውን ሊነቅሉ መጡና ከሌን ከሽቦው አወረዱት። አቧራውን አራግፈው «ትለብሺዋለሽ ወይስ ላስቀምጥልሽ?» አሉኝ።

«ያስቀምጡልኝ» አልኩ። ከምሰሶዎቹ ጋር ዕቃ ቤት ነው ያለው።

ዛሬ የአባትሽ ሚካኤል ነው። በነጭ ነጠላ ሄጄ ተሳለምኩ። ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ «የኤፊ እናት፣ እንኳን አደረሰሽ» አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ዞርኩ። ስምሽን የሚያህል ስም የለኝም፣ ልጄ። መዝለሉን ግን ያ ስም አልቻለበትም፤ የዘለለችው መቅዲ ናት።

ሚካኤል ከፊት ከኋላሽ ይሁን፤ ፈተናሽን ያቅልልሽ፣ ከክፉ ወባ ይሰውርሽ። የላክሁልሽን በሶ ለጓደኞችሽም አካፍዪ። ለዕረፍት ስትመጪ ከአብነት ጋር መልስ ጨዋታ አለን። ተቆጥተሽ ከመጣሽም ነይ። ከመስመሩ ውጪ ቆመሽ ሹራቤን ያዢልኝ።

እናትሽ
መቅዲ